ጁንቲንዝን ከአፍሪካ አሜሪካውያን ጎረቤቶች ጋር ማክበር፦ ታሪኩ፣ መርሐ ግብሩ፣ ምግቡ፣ ባንዲራው

አስተባባሪ_ዳላስ

ሰላም ለሁላችሁ። በዳላስ አካባቢ ያለ የኢትዮጵያውያን ማኅበር በሰፈሩ ካለች የጥቁር አሜሪካውያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ጋር ጁንቲንዝን፣ ማለትም በአሜሪካ የባርነት ማብቃት የሚታሰብበትን የጁን 19 በዓል፣ እንዲያከብር ተጋብዟል። ቦታው የሕዝብ መናፈሻ ነው፤ 40 ሰው ይጠበቃል። ከምግቡ ግማሹ የእኛ ድርሻ ነው፣ በመርሐ ግብሩም 15 ደቂቃ ተሰጥቶናል። ነገሩን በደንብ የምታውቁ፣ ምን ቢዘጋጅ ይሻላል? ባንዲራ ይያዛል ወይ? ጾም ላይ ይውላል ወይ? ንግግር የሚያደርገው ሰውስ ምን ማወቅ አለበት?

---

የሒዩስተን_አንባቢ

ከምግቡ በፊት ታሪኩን እንያዝ፤ መድረክ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የፕሬዚዳንት ሊንከን የነጻነት አዋጅ የጸናው ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ነው። ነጻ ያወጣው ግን በእርስ በርስ ጦርነቱ ከአገሪቱ ኅብረት በወጡት በዓመፁ ግዛቶች የነበሩትን ነው። ባርነት እያለባቸው ከኅብረቱ ያልወጡትን ዴላዌርን፣ ሜሪላንድን፣ ኬንታኪንና ሚዙሪን አልነካም፤ ቴነሲንም ተዋት። በዓመፁ ግዛቶችም ቢሆን አዋጁ ሥራ ላይ የሚውለው የሰሜኑ ጦር በረገጠበት ቦታ ብቻ ነበር። ቴክሳስ ደግሞ ሩቅ ናት፤ ጦሩ ብዙም አልደረሰባትም። ስለዚህ ከሉዊዚያና፣ ከሚሲሲፒና ከሌሎችም ግዛቶች የሸሹ ባለ እርሻዎች በባርነት የያዟቸውን ሰዎች በአሥር ሺዎች እየነዱ አስገቡባት። በ1865 በቴክሳስ በባርነት የነበሩት 250,000 ያህል ነበሩ።

የደቡቡ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሊ እጁን የሰጠው ኤፕሪል 9 ቀን 1865 ነው። ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ የነበረው የደቡብ ጦር የእጅ መስጠቱን ውል ያጸደቀው ግን ጁን 2 ሲሆን፣ ፊርማው የተፈረመው እዚያው ቴክሳስ፣ ጋልቬስተን ወደብ ላይ ነው። ከዚያ የሰሜኑ ጦር ሜጀር ጄኔራል ጎርደን ግሬንጀር 2,000 ያህል ወታደር ይዞ ጋልቬስተን ገባና ሰኞ ጁን 19 ቀን በባርነት ያሉት ሁሉ ነጻ መሆናቸውን የሚያሳውቀውን አጠቃላይ ትእዛዝ ቁጥር 3ን አወጣ።

ተናጋሪያችሁ «ዜናው ሁለት ዓመት ተኩል ዘግይቶ ደረሰ» ብሎ እንዳያልፈው። አዋጁ በቴክሳስ ጋዜጦች ወጥቶ ነበር፤ ባለ እርሻዎቹ ያውቃሉ፣ በባርነት ከነበሩትም ብዙዎች ሰምተዋል። ያልነበረው የሚያስፈጽም ኃይል ነው። ከትእዛዙም በኋላ ሰብሉ እስኪሰበሰብ ሳይናገሩ የቆዩ፣ ለመሄድ የተነሳውንም የገደሉ ነበሩ። «ዘገየ» ሲባል ጥፋቱ የመልእክተኛው ይመስላል፤ ጥፋቱ ግን አውቀው የያዟቸው ሰዎች ነው።

ሙሉ ነጻነቱን በሕግ ያጸናው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው፤ የጸደቀው ዲሴምበር 6 ቀን 1865። ኬንታኪና ዴላዌር ውስጥ ባርነት እስከዚያ ድረስ ሕጋዊ ነበር። ማሻሻያው «ለወንጀል ቅጣት ካልሆነ በቀር» የሚል ሐረግ አለው። በዚያች ሐረግ በኩል እስረኛን ለእርሻና ለማዕድን ማከራየት ገባ። በ2018 ሒዩስተን አጠገብ ሹገር ላንድ ውስጥ ትምህርት ቤት ሲሠራ የ95 ሰዎች አጽም ተገኘ፤ በዚህ ኪራይ ሲሠሩ የሞቱ ጥቁር እስረኞች ናቸው። በዓሉ የደስታ ነው፣ ይህን ሁሉ መዘርዘር ላያስፈልግ ይችላል፤ ግን «ያኔ አበቃ» ብሎ መደምደም አይገባም።

---

ብሩክ_ደ

ታዲያ ዲሴምበር 6 ለምን አይከበርም? ሕጉ ያበቃው ያን ቀን ከሆነ?

---

የሒዩስተን_አንባቢ

@ብሩክ_ደ ቀኑን የመረጡት ራሳቸው ነጻ የወጡት ሰዎች ስለሆኑ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ማክበር የጀመሩት በዓመቱ፣ በ1866 ነው፤ መንግሥት አላዘዛቸውም። በከተማው መናፈሻ መሰብሰብ ሲከለከሉ ገንዘብ አዋጥተው መሬት ገዙ። የሒዩስተኑ ኢማንሲፔሽን ፓርክ በ1872 እንዲህ የተገዛ ነው፤ 10 ኤከር፣ አስተባባሪዎቹም ቀድሞ በባርነት የነበሩ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችና ነጋዴዎች። ዛሬም እዚያው ይከበራል።

ሌላ ቦታ ሌላ ቀን አለ። ዋሽንግተን ዲሲ ኤፕሪል 16ን ታከብራለች፤ በ1862 ከሊንከን ትልቁ አዋጅ በፊት በራሷ ሕግ ነጻ የወጡባት ቀን ነው። ፍሎሪዳ ሜይ 20 አላት። ስለዚህ ጋባዦቻችሁ ቤተሰባቸው ከፍሎሪዳ ወይም ከሌላ ግዛት ከሆነ ሌላ ቀን ቢጠቅሱላችሁ አትከራከሩ።

ጁን 19 ከቴክሳስ ወጥቶ የተስፋፋው ሰዎቹ ወደ ካሊፎርኒያና ወደ ሰሜን ሲሰደዱ ይዘውት ስለሄዱ ነው። በ1968 ድህነትን በመቃወም የተካሄደው የድሆች ዘመቻ በዋሽንግተን ትልቁን የአንድነት ቀኑን ጁን 19 ላይ አደረገው፤ ከየግዛቱ የመጡት ሰዎችም በዓሉን ወደየከተማቸው ወሰዱት። ቴክሳስ በ1979 ሕግ አወጣች፣ ከ1980 ጀምሮ የግዛቱ በዓል ሆነ፤ የመጀመሪያዋም እሷ ናት። በፌዴራል ደረጃ የተፈረመው ጁን 17 ቀን 2021 ነው። ለዚህ የፎርት ዎርዟ ወይዘሮ ኦፓል ሊ የደከሙትን አለመጥቀስ ነውር ነው፤ በ1939፣ ልክ በጁን 19፣ ነጮች ተሰብስበው የወላጆቻቸውን ቤት አቃጥለውባቸዋል፤ በ2016 ደግሞ በ89 ዓመታቸው ከፎርት ዎርዝ ወደ ዋሽንግተን የእግር ጉዞ ተነሱ። በየዓመቱ የሚያስተባብሩት ጉዞ 2.5 ማይል ነው፤ ከአዋጁ እስከ ትእዛዙ ያለፈውን ሁለት ዓመት ተኩል ለማሰብ። ዳላስ ስለሆናችሁ፣ ይህ የጎረቤት ከተማ ታሪክ ነው።

---

መዝገብ_ፈላጊ

የትእዛዙን ንባብ በተመለከተ። በእጅ የተጻፈው ቅጂ በዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ፤ በ2020 ከጥራዝ ውስጥ ተገኝቶ ምስሉ ለሁሉም ክፍት ሆኗል። እንግሊዝኛው ከ100 ቃል ያንሳል፣ ቀስ ተብሎ ሲነበብ አንድ ደቂቃ ነው። የሚያነበው ከጋባዦቹ ወገን የሆነ አዛውንት ቢሆን ይመረጣል። ለእኛ ሽማግሌዎች በወረቀት ለማደል አማርኛው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ከዩናይትድ ስቴትስ ሥራ አስፈጻሚ በወጣው አዋጅ መሠረት ባሪያዎች ሁሉ ነጻ መሆናቸው ለቴክሳስ ሕዝብ ይገለጻል። ይህም በቀድሞ ጌቶችና በባሪያዎች መካከል በግል መብትና በንብረት መብት ፍጹም እኩልነትን ያስከትላል፤ እስከ ዛሬ በመካከላቸው የነበረው ግንኙነትም የአሠሪና የደሞዝተኛ ሠራተኛ ግንኙነት ይሆናል። ነጻ የወጡት አሁን ባሉበት ቤት በጸጥታ ተቀምጠው በደሞዝ እንዲሠሩ ይመከራሉ። በጦር ሰፈሮች መሰብሰብ እንደማይፈቀድላቸው፣ በዚያም ሆነ በሌላ ቦታ ሥራ ፈትተው እንደማይደገፉ ይነገራቸዋል።»

መጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጆሮ ይቆረቁራሉ፤ አንዳንድ አዘጋጅ ይቆርጣቸዋል። መቆረጥ የለባቸውም። ነጻነቱ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ምን ማስጠንቀቂያ ታስሮበት እንደመጣ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

ለልጆችና ለወጣቶች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከጦርነቱ በኋላ ነጻ የወጡ ሰዎች በሽያጭ የተለዩአቸውን እናት፣ ልጅ፣ ባል ለማግኘት በጋዜጣ ማስታወቂያ ያወጡ ነበር። በእኛ አገር «አፋልጉኝ» እንደሚባለው ያለ ነው። ኒው ኦርሊንስ ይታተም የነበረው ሳውዝዌስተርን ክርስቲያን አድቮኬት ከ1877 ጀምሮ «የጠፉ ወዳጆች» የሚል ዓምድ ነበረው፤ ክፍያው የጋዜጣው ደንበኛ ላልሆነ 50 ሳንቲም፣ ሰባኪዎችም በቤተ ክርስቲያን መስበኪያው ላይ ቆመው እንዲያነቡት ይጠየቁ ነበር። የኒው ኦርሊንስ ታሪካዊ ስብስብ እነዚህን በድረ ገጹ አስቀምጧቸዋል፤ በስምና በቦታ ይፈለጋሉ።

አሠራሩ፦ ቴክሳስን የሚጠቅሱ አራት ወይም አምስት ማስታወቂያ ምረጡ፣ በትልቅ ፊደል አትሙ፣ አንዱን የእኛ ልጅ አንዱን የእነሱ ልጅ ያንብብ። እያንዳንዱ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ማስታወቂያዎቹ የሻጭና የገዢ ስም፣ ወንዙ፣ አውራጃው፣ የልጆቹ ስም በቅደም ተከተል ይጻፍባቸዋል፤ ምክንያቱም የተሸጠ ሰው የቤተሰብ ስም የሚለወጠው በገዢው ነውና ፈላጊው ሌላ ምልክት አልነበረውም። ከአሥር ዓመት በታች ላለ ልጅ ግድያና ግርፋት የሚጠቅሱትን አትስጡ። የሚያነቡትን ልጆች ስምና ተራ አስቀድማችሁ ከጋባዦቹ ጋር ተስማሙ፤ እዚያው ሜዳ ላይ የተሰጠው ልጅ ይደናገጣል።

---

ሣራ_አሌክሳንድሪያ

የመርሐ ግብሩ ቅደም ተከተል በብዙ ቦታ እንዲህ ነው የሚሄደው፦ ጸሎት፣ ከዚያ ሊፍት ኤቭሪ ቮይስ ኤንድ ሲንግ የተሰኘው መዝሙር፣ ከዚያ የትእዛዙ ንባብ፣ የአዛውንቶች ቃል፣ ሙዚቃ፣ ማዕድ። አንዳንድ ቦታ ለአባቶች መታሰቢያ ውኃ ይፈስሳል፣ የእያንዳንዱ ስም ሲጠራ ሕዝቡ «አሼ» («ይሁን» እንደማለት) ይላል። ይህን የሚያደርጉ ከሆነ አስቀድመው ጠይቁ፤ አንዳንድ ቤተ ክርስቲያን አይወደውም፣ የእኛም ሰዎች ሳያውቁት ሲያዩት ግራ ሊገባቸው ይችላል።

መዝሙሩን በተመለከተ ዋናው ነገር መቆም ነው። በ1900 በጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ፣ በ500 ተማሪዎች የተዘመረ ሲሆን ጥቁር አሜሪካውያን እንደ ብሔራዊ መዝሙራቸው ይቆጥሩታል። ሦስት አንቀጽ አለው። ሁሉም እስኪያልቅ ይቆማል፣ በመሐል አይጨበጨብም፣ በስልክ እየቀረጹ በሰው ፊት መዞርም አይገባም። ግጥሙን በወረቀት 40 ኮፒ አትሙ፤ ከስልክ የሚያነብ ሰው በፀሐይ ምንም አይታየውም።

15 ደቂቃውን ለቡና ሥነ ሥርዓት እንዳትሰጡት። ከመቁላት እስከ በረካ ከአንድ ሰዓት አያንስም፤ 15 ደቂቃ ላይ ጭሱ ብቻ ይቀራል። ቡናውን ከመድረኩ ውጭ፣ ከማዕዱ በኋላ እንዲደርስ ለይታችሁ አቁሙት። አንድ መካከለኛ ጀበና 10 ሲኒ ያህል ስለሚወጣው ለ40 ሰው አራት ጀበና በተራ ያስፈልጋል፤ ሁለት ምድጃ ካላችሁ ይሻላል።

---

ብሩክ_ደ

እንግዲያው 15 ደቂቃው ምን ይሁን? ዓድዋን ብንናገር?

---

ሣራ_አሌክሳንድሪያ

@ብሩክ_ደ ዓድዋ ትልቅ ነው፣ ግን የእነሱን ቀን በእኛ ድል መሙላት ይሆናል። የሁለታችንም የሆነ ታሪክ አለ፤ በእሱ ምስጋና አቅርቡ።

መዝሙረ ዳዊት 68፥31፣ «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለው፣ ገና ባርነት ሳያበቃ ጀምሮ በጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን የተስፋ ቃል ሆኖ ሲሰበክ ኖሯል። የባፕቲስት ቄስ ይህን ያውቀዋል፤ በግዕዝ «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» ተብሎ አንዴ ቢነበብለት፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ እሱ ቢያነብ፣ ሁለት ደቂቃ ነው።

በ1935 ፋሽስት ኢጣሊያ ስትወርረን የቺካጎው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን መጥቶ ለንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል በርሯል። በኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሀርለም ውስጥ ለመዝመት የተመዘገቡት ብዙ ነበሩ፤ የአሜሪካ ሕግ ለሌላ አገር ጦር መሰለፍን ስለሚከለክል አብዛኞቹ አልመጡም፣ ግን ገንዘብና መድኃኒት አዋጥተዋል። ሐኪሙ መላኩ በያን የተማሩት በጥቁር አሜሪካውያኑ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ያቋቋሙትም እሳቸው ናቸው። ሀዋርድ ራሱ በ1867፣ ከነጻነቱ በሁለተኛው ዓመት የተከፈተ ነው። ለአምስት ደቂቃ ይህ ይበቃል።

አንድ የማይታለፍ ነገር ደግሞ አለ፦ በየአገሩ ኮታ ይሠራ የነበረውን የስደተኛ ሕግ የሻረው የ1965ቱ ሕግ የወጣው በሲቪል መብት ትግሉ ዘመን፣ ትግሉ ባመጣው የፖለቲካ ግፊት ነው። እኛ እዚህ አገር የገባንበት በር በማን ትከሻ እንደተከፈተ በግልጽ ተናግሮ ማመስገን ያስፈልጋል። የተረፈውን ደቂቃ ለክራር ወይም ለማሲንቆ ስጡት።

---

ዘመነ_ብራና

ሣራ ባለችው ላይ። ተናጋሪው «እኛ ቅኝ አልተገዛንም፣ ባርነትንም አናውቅም» እንዳይል አደራ። ሁለተኛው ውሸት ነው። በኢትዮጵያ የባሪያ ንግድና ይዞታ ለዘመናት ነበር፤ አገራችን በ1923 የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነው፤ በ1924 አዋጅ ወጣ፤ ፈጽሞ የተሻረው ግን በኦገስት 1942፣ በእኛ በ1934 ዓ.ም.፣ በአዋጅ ቁጥር 22 ነው። አባቶቻቸው የተሸጡባቸው ኢትዮጵያውያን ዛሬም በሕይወት አሉ፣ ምናልባትም በዚያው ሜዳ ላይ ይገኛሉ። የጥቁር አሜሪካውያንን ነጻነት እያከበሩ የራስን መካድ ጨዋነት አይደለም። ለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ ግን እሷ አትቅር።

---

አስተባባሪ_ዳላስ

ዘመነ፣ ትክክል ነህ፤ በንግግሩ ትገባለች። ባንዲራውስ?

---

የሒዩስተን_አንባቢ

ሁለት ባንዲራ ታያላችሁ፣ አታደባልቋቸው። የጁንቲንዙ ባንዲራ ላይኛው ሰማያዊ፣ ታችኛው ቀይ ሆኖ መለያያቸው ቀስት የመሰለ መስመር ነው፤ መሐሉ ላይ ነጭ ኮከብ በዙሪያው በሚፈነዳ ጨረር ተከብቧል። የመጀመሪያ ሐሳቡን በ1997 ያመነጨው ቤን ሄይዝ ነው፤ በ2000 ተስተካከለ፣ በ2007 ደግሞ ቀኑ ተጻፈበት። ኮከቡ ቴክሳስን፣ ቀስቱ አዲስ አድማስን ያሳያል። ቀለሞቹ የአሜሪካ ባንዲራ ቀለሞች መሆናቸው ታስቦበት ነው፤ ነጻ የወጡት ሰዎች ዜጎች መሆናቸውን ለመናገር።

ቀይ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴው በ1920 የጥቁሮች ንቅናቄ መሪ የነበረው የማርከስ ጋርቬይ ድርጅት ያጸደቀው የፓን አፍሪካ ባንዲራ ነው። በበዓሉ ብዙ ይያዛል፤ አንዳንድ ሰው ግን የጁንቲንዝ ባንዲራ እሱ አይደለም ብሎ ይከራከራል። ምርጫው የጋባዦቹ ነው።

የእኛ ባንዲራ እንዲቆም እነሱ ከጠየቁ ይቁም። ደንቡ፦ የአሜሪካው ከተመልካች በስተግራ፣ የሌላው አገር በእኩል ቁመትና በተቀራራቢ መጠን፣ በተለያየ ምሰሶ። ኮከብ ያለበት ይሁን ወይስ የሌለበት የሚለውን ሙግት እባካችሁ ቤት ጨርሱት። ያ ክርክር እዚያ ሜዳ ላይ ከተነሳ ቀኑን ይበላዋል፤ ካልተስማማችሁ ጭራሽ ባንዲራ አትያዙ፣ የሐበሻ ልብሱ ይበቃል።

---

ባሕረ_ሐሳብ

ስለ ጾሙ። ጁን 19 በእኛ ሰኔ 12 ነው። የጳጉሜን ስድስተኛ ቀን የሚያዛባው ከመስከረም እስከ የካቲት ያለውን ስለሆነ በሰኔ ላይ ለውጥ አያመጣም። ከ1900 በፊት ግን የአንድ ቀን ልዩነት አለ።

ሰኔ 12 የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓልና የቅዱስ ላሊበላ መታሰቢያ ነው። ብዙ ሰው ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይውላል፤ ዝግጅቱን ከቀትር በፊት ካደረጋችሁት ግማሹ ሰው አይመጣም።

ጾሙ በየዓመቱ ይለያያል፤ ጾመ ሐዋርያት ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ይጀምራል፣ ሐምሌ 5 ይፈታል። በ2026 ትንሣኤ ኤፕሪል 12 ስለዋለ ጾሙ ጁን 1 ይገባል፤ ጁን 19 ደግሞ ዓርብ ነው። በ2027 ግን ትንሣኤ ሜይ 2 ነው፣ ጰራቅሊጦስ ጁን 20፤ ጁን 19 ቅዳሜ በሃምሳው ውስጥ ስለሆነ ጾም የለም። የሰኔን ጾም የካህናት ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው አለ፤ ገበታው ግን ለሚጾመው ነው የሚሰናዳው።

---

አስተባባሪ_ዳላስ

@ባሕረ_ሐሳብ አንድ ጥያቄ፦ ከ1900 በፊት ልዩነት ካለ 1865 ላይ ሰኔ 12 ነው ወይስ 13?

---

ባሕረ_ሐሳብ

@አስተባባሪ_ዳላስ 13። እስከ 1900 ድረስ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ያንሳል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጁን 19 ሰኔ 13 ቀን 1857 ዓ.ም. ነው። ከ1900 ወዲህ እስከ 2100 ድረስ ግን ሁልጊዜ ሰኔ 12። በወረቀታችሁ ላይ የ1865ቱን 13 ብላችሁ ጻፉ።

---

ፍሪምባ_በጭስ

ቴክሳስ ላይ የዚህ ቀን ምግብ ጭስ የጠጣ ፍሪምባ ነው። እናንተ ታቀርቡ እንደሆን ወይም ከእነሱ ጋር ታበስሉ እንደሆን ቁጥሩ ይኸው።

ለ40 ሰው፣ ሌላ ምግብ ስላለ፣ ለአንድ ሰው ሲሶ ፓውንድ የበሰለ ሥጋ ይበቃል፤ 13 ፓውንድ ከሲሶ መሆኑ ነው። ፍሪምባ ስቡ ሲገፈፍና ሲበስል ግማሹን ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ 13 ወይም 14 ፓውንድ የሚመዝኑ ሁለት ሙሉ ፍሪምባዎች ግዙ። የላዩን ስብ ሩብ ኢንች ትታችሁ ግፈፉ። ለእያንዳንዱ ሩብ ስኒ (የአሜሪካ መለኪያ ኩባያ) ጨው (ደቃቁን አይደለም) እና ሩብ ስኒ ያህል ሸካራ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ። ሌላ ቅመም አያስፈልገውም፤ ሚጥሚጣና በርበሬ በረጅም እሳት ላይ ያርራል፣ ይመርራል፤ ለማጥቀሻ በጎን አቅርቡት።

ሙቀቱ ከ225 እስከ 250 ፋራናይት፣ እንጨቱ ኦክ። ለአንድ ፓውንድ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ካልተጀመረ ለማግስቱ ከሰዓት አይደርስም። ብዙ ሰው የሚያበላሸው የሥጋው ውስጥ ሙቀት 150 እና 165 መካከል ሲደርስ ነው። ሙቀቱ ለሰዓታት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከሥጋው የሚወጣው ላብ ሲተን ስለሚያቀዘቅዘው ነው። እሳቱ ደከመ ብሎ ከሰል የሚጨምር ሰው ውጭውን ያደርቀዋል። በዚያ ሰዓት በሥጋ ቤት ወረቀት ጠቅልላችሁ መልሱት፤ 195 እስከ 203 ሲደርስና ሹል ነገር ያለ ችግር ሲገባበት አውጡ። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ቢቻል ሁለት፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ባዶ የበረዶ ሳጥን ውስጥ ይረፍ። ትኩሱን ከቆረጣችሁት ጭማቂው ጠረጴዛ ላይ ያልቃል።

አቆራረጡ የሥጋውን ክሮች የሚያቋርጥ ነው፤ የቀጭኑ ክፍልና የወፍራሙ ክፍል ክሮች አቅጣጫ ይለያያል፣ መሐል ላይ ስትደርሱ ሥጋውን አዙሩት። የቆረጣችሁትን ከ140 በላይ አቆዩ። ከ90 ፋራናይት በላይ በሆነ ሙቀት ቶሎ የሚበላሽ ምግብ ሜዳ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ መቀመጥ የለበትም፤ ጁን ዳላስ ደግሞ ከዚያ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው።

---

ጎመንና_ከርከዴ

ቀይ መጠጥ ሳይኖር ጁንቲንዝ የለም። ቀዩ የፈሰሰውን ደም ያሳስባል ይባላል፤ መጠጡ ራሱ ከምዕራብ አፍሪካ የከርከዴና የኮላ ፍሬ መጠጦች ጋር ይዛመዳል። ዛሬ ብዙ ቤት ቀይ ሶዳ ነው የሚቀርበው፤ ከርከዴ ግን የእኛም ስለሆነ እናንተ ብታመጡት ይስማማል።

ለአንድ ጋሎን፦ ሦስት ስኒ ደረቅ ከርከዴ፣ የአውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ተከትክቶ፣ ስድስት ፍሬ ቅርንፉድ፣ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስኒ ስኳር። ግማሽ ጋሎን ውኃ ይፍላ፤ እሳቱን አጥፍታችሁ ሁሉንም ጨምሩ፣ 20 ደቂቃ ይቆይ። አብሮ ከፈላ ይመርራል። አጣርታችሁ በትኩሱ ስኳሩን አሟሙ፣ ከዚያ ግማሽ ጋሎን ቀዝቃዛ ውኃ። ለ40 ሰው አምስት ጋሎን፣ በዋዜማው ተሠርቶ ማቀዝቀዣ ይግባ። ድስቱ አልሙኒየም አይሁን፤ ኮምጣጣው ብረቱን ይበላና ጣዕሙም ቀለሙም ይበላሻል። ነጠላ ላይ ከፈሰሰ አይለቅም፣ ስለዚህ ማደያው ከቡናው ምንጣፍ ይራቅ። ነፍሰ ጡሮችና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ እንዲያውቁት ስሙን ለጥፉበት።

ለጾመኛው፦ የእነሱ ጎመን ብዙ ጊዜ በጭስ በደረቀ የአሳማ ወይም የተርኪ ሥጋ ይቀቀላል፣ በዓይን አይታወቅም። የበቆሎ ዳቦው እንቁላልና ወተት አለው፤ ቀዩ ኬክም እንዲሁ። ባለ ጥቁር ዓይን ባቄላውም ከአሳማ ጋር ሊበስል ይችላል። ስለዚህ ጎመኑን በዘይት፣ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት እናንተ ሥሩት፤ ለ40 ሰው ለጎን ምግብ 12 እስር ኮላርድ። ባቄላውን ሁለት ፓውንድ ተኩል በደረቁ ለክታችሁ በተለየ ድስት። በእያንዳንዱ ትሪ ላይ በሁለት ቋንቋ «ጾም»፣ «አሳማ የለውም»፣ «ሐላል» ብላችሁ ጻፉ፤ ለጾሙ የተለየ ማንኪያ መድቡ፤ አንድ ማንኪያ ከትሪ ትሪ ሲዞር ያ ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ ይሆናል። ሙስሊም ወገኖቻችንም ይመጣሉና ሐላል የሚባለው ከሐላል ሥጋ ቤት የተገዛው ብቻ ይሁን።

---

ብሩክ_ደ

ሐብሐብ ብናመጣስ? ቀይም ነው፣ ለሙቀቱም ጥሩ ነው።

---

ሣራ_አሌክሳንድሪያ

@ብሩክ_ደ እነሱ ካመጡት ብሉ፣ እናንተ ግን ሳትጠይቁ አታምጡ። ነጻ የወጡ ገበሬዎች ሐብሐብ አምርተው እየሸጡ ራሳቸውን ሲችሉ ነጮቹ ፍሬውን የመሳለቂያ ሥዕል አደረጉት፤ ስድቡ ከዚያ የመጣ ነው። በበዓሉ ላይ ግን ከድሮ ጀምሮ አለ። በ2022 በጁንቲንዝ ስም የሐብሐብ ሰላጣ የሸጠ ተቋም ይቅርታ ጠይቋል፤ በዚያው ዓመት በበዓሉ ስም አይስክሬም ያወጣ ነጋዴም ከመደርደሪያ አንስቶታል። ከሰዎቹ ሳይመክሩ የተሠራ ነገር ነው ሁለቱም። የምግብ ዝርዝራችሁን ለቤተ ክርስቲያኒቱ እናቶች ላኩላቸው፤ እነሱ «ይህን እኛ እናመጣለን» ይላሉ፣ ነገሩ ያልቃል።

---

ፓርክ_ፈቃድ

የመናፈሻውን ነገር ማንም አላነሳውም። ቀኑ የፌዴራልም የግዛትም በዓል ስለሆነ ጥላ ያለው ቦታ ቀድሞ ይያዛል፤ በጋባዦቹ ስም መያዙን በጽሑፍ አረጋግጡ። ስትጠይቁ አራት ነገር ለዩ፦ የድምፅ ማጉያ፣ የራስ የሆነ የጭስ ማብሰያ ማስገባት፣ የከሰል ምድጃ ለቡናው፣ ኤሌክትሪክ። ብዙ ቦታ ለእያንዳንዱ የተለየ ፈቃድ ነው፤ በድርቅ ጊዜ የአውራጃው የእሳት እገዳ ከወጣ ደግሞ ከሰሉ ይቀራል፣ ስለዚህ ለጀበናው የጋዝ ምድጃ በመጠባበቂያ ያዙ። ዋጋውን በዋዜማው ክፈሉ፤ በዕለቱ ቢሮው ዝግ ነው፣ ባንክም ፖስታ ቤትም እንዲሁ። የግል ድርጅት ግን ሠራተኛውን የመልቀቅ ግዴታ የለበትም፣ ስለዚህ ከሥራ የሚመጣውን ሰው አስባችሁ ማዕዱን በእኛ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ወደ 11 ሰዓት አቅርቡት።

ለመጠጥ ውኃ ለሰው ቢያንስ አራት ጠርሙስ፣ በረዶ ለሰው ሁለት ፓውንድ። የምግቡና የመጠጡ በረዶ በተለያየ ሳጥን ይሁን፤ የመጠጡ ሳጥን በየደቂቃው ስለሚከፈት ቶሎ ይቀልጣል።

---

አስተባባሪ_ዳላስ

ሁሉንም ጽፌ ይዣለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሚቀረኝ ወንበር ነው። ጥላው ስር የሚገባው 24 ወንበር ብቻ ነው፤ ለ40 ሰው እንዴት ይደልደል?

---

ሣራ_አሌክሳንድሪያ

የፊተኛው ረድፍ ለጋባዦቹ አዛውንቶች፣ ሁለተኛው ለእኛ አዛውንቶች፣ ትእዛዙን የሚያነበው ሰው በዳር ለመውጣት በሚመቸው ቦታ። ወጣቱ ሣሩ ላይ ምንጣፍ ይነጠፍለት። ለዶሚኖ አንድ ጠረጴዛና አራት ወንበር ጥላው ስር አስቀሩ፤ ከማዕዱ በኋላ እናቶችና አባቶች እዚያ ነው የሚገናኙት፣ የእኛም አባቶች ቁጭ ብለው ይማሩታል።